ደንገሉ የተነቀለበት ዳር

ወረታ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳትን ከማንም ሳይማር የቻለ ከእኔ በፊት አልነበረም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል። የተሰበረ ካሜራ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ ብርሃን ከየት መጥቶ የት እንደሚያርፍ በገዛ ዓይኔ አጥንቼ ነው ፎቶ ቤት የከፈትሁት። ከይፋግ እስከ ሐሙሲት በእኔ እጅ ያልተነሳ ሙሽራ ጥቂት ነው።

ስለዚህ አንዲት ሴት ከባሕር ዳር ደውላ የጉዞ ፎቶግራፍ ሥልጠና እንደምታዘጋጅ፣ በእኛ በኩል ካለው የጣና ዳር ያማረ ቦታ የሚመርጥላት ሰው እንደምትፈልግ ስትነግረኝ አልገረመኝም።

«የጠየቅሁት ሰው ሁሉ እርስዎን ነው የሚጠቁመኝ» አለችኝ።

«ሌላ ማንን ሊጠቁሙሽ ኖሯል?» አልኋት።

ሦስት ቀን በባጃጅም በእግርም ዳሩን ዞርሁ። የጉማራ ወንዝ ወደ ባሕሩ የሚገባበት አካባቢ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ከዚያ ወዲህ እምቦጩ ውኃውን ሸፍኖት፣ ላላወቀው ሰው የግጦሽ መስክ ይመስላል። ሌላው ዳር ሩዝ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ወዳጄ ዘንድ ወረድሁ።

ወዳጄ ታንኳ ሠሪ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ እንተዋወቃለን። ከቤቱ በታች አንዲት የደንገል ጥሻ ቀርታ ነበር፤ ሃያ ከብት ቢቆምባት የምትሞላ። በዚያ ዳር የነበረው ሌላው ደንገል ሁሉ ታርሷል። እሱ ከእሷ እየመረጠ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ በዓመት ሁለት ሦስት ታንኳ ያስራል። መልሳ እንድትበቅል ሥሯን አይነካም። ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ፀሐይ ወደ ውኃው ስታዘቀዝቅ የደንገሉ ራስ ሁሉ ወርቅ መሰለ፤ ታንኳው ከፊቱ ጠቁሮ ጎልቶ ወጣ።

«ቦታው ይኸ ነው» አልሁ።

«የምን ቦታ?» አለ፣ ከሚያስረው ደንገል ቀና ሳይል።

«የሥልጠናው። ስንት ሰው ካሜራውን ይዞ አንተን ሊያነሳ ይመጣል።»

«እኔን? ጥርስ የለኝ!»

«አፍህን ትገጥማለሃ።»

«አንተ ሳትገጥም እኔ ልግጠም?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና «እነዚህ ሰዎች ካዩአት፣ ይቺ ደንገል ትቆይ ብለው ይናገሩልኝ ይሆን? ጎረቤቴ ሽምብራ ሊዘራባት ዓይኑን ጥሏል። እሷ ከሄደች እኔም አበቃልኝ» አለኝ።

«እኔን ሳያልፍ ማን ይነካታል!» አልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአካባቢው ሰው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሲሰበሰብ ብድግ ብዬ ተናገርሁ። እንግዳ እንደሚመጣ፣ የመጡትም በእኔ ስም እንደሆነ አስረዳሁ። «ዳሩን አጽዱልኝ፤ እንዳታሳፍሩኝ» አልሁ። እኔ የታየኝ ፌስታሉና እምቦጩ ነው። ደንገሏን ተዉአት ማለት አንድ ቃል ነበር። አላልሁም። ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ ደስ ብሎኝ፣ ስለ ራሴ ስናገር ጊዜው አለቀ።

በዚያ ሳምንት ወዳጄ ጉልበቱን ሊታጠብ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ ነበር። እኔም ፎቶ ቤቴ ገብቼ ለሠልጣኞቹ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሰነበትሁ።

የኛ አገር ሰው እምቦጭ ለመንቀል በዘመቻ ሲወጣ ዓመታት አልፈውታል። ሥራውን ያውቀዋል፦ ከነሥሩ መንቀል፣ መከመር፣ ማቃጠል። ለእንግዳ ዳሩን አጽዳ ከተባለ ደግሞ ውኃ ላይ የቆመ አረንጓዴ ነገር አይተውም።

ሴትዮዋን ይዤ ስደርስ ዳሩ እንደ አውድማ ተጠርጎ ቆየኝ። ሰዉ ያጠበውን ጋቢ ለብሶ ተሰልፏል። ከጎኑ አመድ ተቆልሏል።

«አያ፣ እንዳሉን አደረግን» አሉኝ አንዲት እናት። «አንዲት ሰበዝ አላስቀረንም። እጃችን እስኪላጥ!» መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ምርቃት እየጠበቁ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

«ደንገል ያሉኝ የቱ ጋ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ነቀሉት። የነገርኋቸው አልገባቸውም።»

እንዲህ አልሁ። የነገርኋቸውማ በደንብ ገብቷቸዋል። ሥልጠናው ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ሆነ፤ ለሱ ብዙ አላዘንሁም።

ወዳጄ ከዋንዛዬ የተመለሰ ዕለት ከሌላ ከሚሰማ ብዬ ዳሩ ላይ ጠበቅሁት። ከሩቅ ሲያይ ቆም አለ፣ ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ገባና በእግሩ ይዳስስ ጀመር። ብዙ ቆየ።

«ሥሩንም?» አለኝ።

«ሥሩንም።»

«ማን ንቀሉ አለ?»

«እኔ ነኝ። አጽዱ አልኋቸው፣ አንተን ግን አላነሳሁላቸውም።»

ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «አንተ እንኳ አስበህ አታደርገውም» ብሎ ወጣና እግሩን በሣር ጠረገ።

ኅዳር ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ጎረቤቱ መሬቱን አርሶ ሽምብራ ዘራበት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባዶ መሬት አየ፣ አረሰ። ወዳጄ ደርቆ የተቀመጠውን ደንገል ሁሉ አስሮ የወጣለት ግማሽ ታንኳ ነው። እሱን ከግድግዳው አስደግፎ ሐሙሲት ልጁ ዘንድ ገባ።

በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ከልጁ ሱቅ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ መኪና ያያል። በቀደም «አንተ ያላነሳኸው የለም» አለኝ። «ያቺን ጥሻ አሳይተኝ እስቲ። ቅርጿ እየጠፋብኝ ነው።»

ቤቴ ገብቼ ካርቶኖቹን ሁሉ ገለበጥሁ። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ መታወቂያ አለ። ስንት ዓመት እየተመላለስሁ ያቺን ጥሻ አንድ ቀን አላነሳኋትም፤ ያን ዕለት እንኳ ካሜራ አልያዝሁም፣ እኔ ቦታ በዓይኔ ነው የምመርጥ ብዬ።

የለኝም ማለት አቃተኝ። «ፎቶዋን ላሳትም ሰጥቻለሁ» አልሁት።

አሁን ስሄድ መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው።