ሶለልን ለሚያዝያ ስንቀጥረው

ባለፈው ጥር ከደሴ ወደ አላማጣ ስጓዝ ሚኒባሱ ጎብዬ ላይ ለምሳ ቆመ። የገባንበት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ሶለል የሚጫወቱ ልጃገረዶችን ያሳያል። ሶለል በቆቦና በአካባቢው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው የሚወጡበት ጨዋታ ነው። ውጭ ገለባ የሚያነሳ የጥር ነፋስ፣ ውስጥ የነሐሴ ዘፈን! ከእኔ በቀር ነገሩ የከነከነው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሽሮውን ይበላል። እኔ ግን ጉርሻው እጄ ላይ እንዳለ ወደ ተማሪነት ዘመኔ ተመለስሁ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ስለተረክሁት የትኛው በእርግጥ የሆነ፣ የትኛው እኔ የጨመርሁት እንደሆነ አንዳንዴ ይምታታብኛል። የሚከተለውንም በዚሁ ጥርጣሬ ተቀበሉኝ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የዲጂታል ጥበባትና የሰብአዊ ጥናት ፌስቲቫል ልናዘጋጅ ተነሳን። ስሙ ከንብረታችን ይበልጥ ነበር፤ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ ካሜራ፣ ከትምህርት ክፍሉ የተዋስነው ፕሮጀክተር። ይሁን እንጂ የየአገራችንን ዜማና ጨዋታ ቀርጸን በትልቅ ሸራ ማሳየት ያኮራን ነበር። የቆቦ ልጅ በመሆኔ ሶለልን አመጣለሁ አልሁ፤ ኮሚቴውም የመክፈቻው ዝግጅት አደረገው። ቀኑ በሚያዝያ ተቆረጠ፤ በነሐሴ ግቢው ባዶ ነውና። ያን ያህል ስንሰበሰብ፣ እኔም የአገሩ ልጅ ሆኜ፣ ወሩን ያሰበ አልነበረም።

ሚያዝያ ሲገባ የኮሚቴ ጓደኛዬን የኃይሉን ካሜራ አንግቤ ቆቦ ወረድሁ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ ፊት ይለበልባል፤ በመንገዱ ዳር የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል። የአክስቴ ልጅ ፋንታዬ፣ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ በሰፈራቸው የሶለል ዘፈን አውራጅ ነበረች። ከጓደኞቿ ጋር ጥላ ሥር ሽንኩርት ስትለቅም አገኘኋት።

«ሶለል? አሁን? ኧረ በማርያም! ሙቀቱ ነው እንዲህ ያደረገህ፣ ወንድምዓለም?»

«ለካሜራ ነው እኮ፤ ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«ካሜራህ ወር አያውቅም?»

«ይኼ ሰውዬ ሳያጭ ሠርግ ሊደግስ ነው!» አለች አንዷ፤ ሳቁብኝ።

አንዴ ከተቀረጸ ለዘላለም እንደሚቀመጥ በትምህርት ቤት ቋንቋ ማብራራት ጀመርሁ። «ለዘላለም የሚቀመጥ ከሆነ፣ አራት ወር መጠበቅ አቃተው?» የሚል መልስ መጣ። የፋንታዬ ይሁን የጓደኛዋ፣ ዛሬ አልምልም።

ከዚያ ግን የፋንታዬ ፈገግታ ጠፋ። «በቀኑ ና፤ እስኪበቃህ እንዘፍንልሃለን። እስከዚያ ግን ሌላ ነገር አቀናብረህ የቆቦ ሶለል ነው ብለህ እንዳታሳይብን።»

ቃል ገባሁላት።

አስተባባሪያችን የነበረው መምህር ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራው በእንግዶች ፊት ማፈርን ነው። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ የሆነውን ስነግረው ብዙም አልተቸገረ።

«ከግቢው ሴት ተማሪዎች ለጥቂቶቹ የአገር ልብስ አልብሱና አዘፍኗቸው። እንግዶቹ በምን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አላሳይም ነው የምትለው?»

«ሶለል ያልሆነውን ሶለል ነው ብዬ አላሳይም፣ መምህር።»

«እንግዲያው አዳራሹ ይሰረዛል። አንተም ከኮሚቴው ውጣ።»

 የወራት ልፋታችን በዚያች ቃል ሲያልቅ ታየኝ። ያኔ ሶለልን አይቶ የማያውቀው የጎጃሙ ልጅ ኃይሉ ብድግ አለ። «እንግዲያው እኔም ልውጣ፤ ካሜራውም የእኔ ነው።» ሌላዋ የኮሚቴው ጓደኛችን ሰናይትም ላፕቶፗን ዘግታ በክንዷ ታቀፈችው። መምህሩ ሳቀ ወይስ ተቆጣ? ፊቱ አይመጣልኝም። ብቻ አዳራሹ አልተሰረዘም፤ እኛም ከኮሚቴው አልወጣንም።

በመክፈቻው ዕለት መብራቱ ጠፍቶ ሸራው ነጭ ሆኖ በራ። ብርሃኑ ውስጥ ቆሜ፣ «ይህ ሰዓት የቆቦ ልጃገረዶች ነው። በሚያዝያ ሶለል አይዘፈንም። ሊሰማ የወደደ ነሐሴ ላይ ቆቦ ይምጣ» አልሁ። ከዚያም አንድ ዘፈን የሚፈጀውን ያህል ሸራውን ባዶ ተውነው። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ያጉረመርማል። ከኋላ የሳቀ ነበር፤ ከፊት ወንበር አንድ ሰው ተነሥቶ ወጣ። እኔ ከመድረኩ አልወረድሁም።

በነሐሴ ከኃይሉ ጋር ጭቃውን እየረገጥን ቆቦ ደረስን። ማሽላው ቁመት አውጥቷል፤ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል።

«እንግዶችህስ?» አለች ፋንታዬ ከኋላዬ እየፈለገች።

«አልመጡም።»

«ይቅርባቸው!» አለችና ከበሮዋን አነሣች።

ዛሬ አንዳንድ ወዳጆቼ የዚያን ጊዜውን አድራጎታችንን የልጅነት እልኸኝነት ይሉታል። ይበሉት። የሸራው ባዶነት የቆየው እንደማስበው ረዥም ላይሆን ይችላል፤ ድምፄም እንደምተርከው የጸና ላይሆን ይችላል። እምቢ ማለታችንን ግን አልጠራጠርም፤ ዛሬም ያንኑ ቢጠይቁኝ ያንኑ እመልሳለሁ። በጎብዬው ቴሌቪዥን የታዩት ልጃገረዶች በቀናቸው ወጥተው ይሁን ወይስ አንድ አስተባባሪ ቸኩሎ አዘፍኗቸው፣ ለማወቅ አልቻልሁም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ነሐሴ ገና ሩቅ ነበር፤ ሩቅነቱ ቅር አላለኝም።