የሐሙስ ድርሻዬን አልዘልም

ማንበብ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ የጥንት ዕብራውያንን መዝሙር ማንበብ ከቻልኩ ግን ይበቃኛል። እኛ ዘንድ መዝሙሮቹ ለየቀኑ ተከፋፍለው ይደገማሉ። የሰኞው ለሰኞ ነው፣ የሐሙሱም ለሐሙስ። ሰው ደስ ያለውን መርጦ አያነብም፤ ሆዱ እያረረም የምስጋናው ተራ ከደረሰ ያመሰግናል፣ ሠርግ ቢኖርበትም ልቅሶው ከደረሰ ያለቅሳል።

እነዚያ ዕብራውያን ሲጸልዩ ደግሞ አያስመስሉም። ፈጣሪያቸውን እንደ ተበደለ ሰው ይሟገቱታል፣ ለምን ዝም እንዳለ ፊት ለፊት ይጠይቁታል። ታዲያ የእኛ ሰው ይህን መጽሐፍ ስሞ እያነሳ፣ የተጎዳ ሰው አፉን ሲከፍት "ዝም በል፣ አታማርር" የሚለው ከየት አምጥቶ ነው?

ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ፋብሪካ ስትሠራ ማሽን ጣቶቿን ቆረጣት። ሥራው ይፍጠን ብሎ የማሽኑን መከለያ ያስነሳው አለቃዋ ነው። ኋላ ግን "ስልክ ስታወራ ነው" ብሎ አስወራባት። ቁስሉ ሳይደርቅ ሽማግሌ ላከ፦ አንድ የደብራችንን አዛውንት፣ እና አንድ ሐጂ፣ ከባለቤቴ ጋር ባቡር ላይ የሠሩ የሳቢያን ሰፈር ጎረቤታችን።

ሲገቡ ሐሙስ ነበር፣ መጽሐፉ ጭኔ ላይ። ሽምግልና በጸሎት ይጀመራልና አዛውንቱ "እስቲ እማማ፣ እርስዎ ያንብቡልን" አሉኝ። ካቆምኩበት ቀጠልኩ። የደረሰው ያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልቅሶ የሆነው መዝሙር ነው፤ ምስጋና ሳይነካው በጨለማ ያልቃል።

"ኧረ እማማ! ለእርቅ መጥተን? የምስጋናውን ያንብቡልን እንጂ።"

"ይደርሳል አባቴ። ተራውን ይጠብቅ።"

"አቦ፣ የዳቦ ቤት ሰልፍ አደረገችው!" ብለው ሐጂ ሳቁ።

አዛውንቱ አልሳቁም። ወደ ልጅቷ ዞረው "ዓይንሽ ቢሆንስ ኖሮ? ተመስገን በይና ይቅር በይው" አሏት። እሷ አንገቷን ደፋች።

"ይህን የጸለየው ሰው ተመስገን ሳይል ነው የጨረሰው" አልኳቸው። "አያምርም ብሎ ከመጽሐፉ የቆረጠው ካህን አለ? የለም! የእሷን ሳትናገረው ለምን ይቆርጡባታል?"

ከዚያ ሐጂ "ተናገሪ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አሏት።

"ስልክ ስታወራ ነው ብሏችኋል አይደል?" አለች። "ስልካችንን እኮ በር ላይ ይቀበሉናል! ስንወጣ ነው የሚመልሱልን። አለቃው መከለያውን ንቀለው ብሎ የጥገናውን ሰው ሲያዝዘው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እንዴት እንሠራለን ስለው፣ ከፈራሽ ቤትሽ ግቢ አለኝ።"

አዛውንቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ይህን አልነገረንም።"

"ወላሂ፣ ውሸት አሸክሞ ነው የላከን" አሉ ሐጂ።

"ይቅርታውን አልከለክለውም" አለች የልጅ ልጄ። "ግን ያስነሳሁት እኔ ነኝ ብሎ ሠራተኛው ፊት ይናገር። ሌሎቹ አሁንም እዚያው ማሽን ላይ ናቸው።"

ሽማግሌዎቹ ሳያስታርቁ ሄዱ። አዛውንቱ የሰሙትን ሳይቀንሱ ለአለቃው ነግረውታል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሰውየው ግን አልመጣም። እሷም አልጠበቀችውም። ጠዋት ጠዋት የሠራተኛ ሰርቪስ ወደሚቆምበት እየሄደች፣ የታሰረ እጇን ይዛ፣ የሆነውን ለሚሳፈሩት ትነግራለች። አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። በማሽኑ ላይ የተመደቡት ሴቶች ግን መከለያው ካልተመለሰ አንነካውም ብለዋል።

አለቃው አሁን ሌላ ሽማግሌ እያፈላለገ ነው አሉ። ያፈላልግ። ማንንም ቢልክ፣ የመጣው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው እሷን ነው።