ግማሹ ክብ የነበረው ቤት

ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር በልጅነቴ በነገሌ ጎረቤታችን የነበሩት የእማማ፣ በነሱ አጠራር የአዴ ሎኮ ቤት ትዝ ይለኛል። ግማሹን ባለቤታቸው በቆርቆሮ አራት ማዕዘን አድርገው ሠሩት። ሌላውን ግማሽ ግን በቦረና ሴቶች ወግ አዴ ራሳቸው እንጨት አጉብጠው፣ ሣር አልብሰው ክብ አደረጉት። ሲዘንብ ከጩኸቱ ወደ ዝምታው፣ ከዝምታው ወደ ጩኸቱ እየሮጥኩ እመላለስ ነበር።

አንድ ቀን ግቢያቸው ውስጥ መንገድ ሊያልፍ ነው ተባለ።

«አዴ፣ ቤትዎ ሊፈርስ ነው?» አልኳቸው።

«የባለቤቴ ጎን ይፈርሳል» አሉኝ ሣሩን እየዳበሱ። «የኔ ይጫናል።»

አልገባኝም። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ቆርቆሮው ጎኑ ተከፍቶ ብቻውን ቆሟል። በሌላው ግማሽ ቦታ ደግሞ መሬቱ ላይ አንድ ክብና የግመል ዱካ ብቻ ቀርቷል።

ዛሬ የሰፈሩ ሰዎች ያ ቤት ድሮ ፈርሷል ይሉኛል። እኔ ግን ግማሹ አሁን የት ቆሞ ይሆን እላለሁ።