አክስቴ «እርስዎ» የተባለችበት ወር

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ፊቷን ለመንገድ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰፍታለች። መለኪያው ሜትር ከአንገቷ አይወርድም። አንዴ ሐኪም ቤት ለምርመራ ስትሄድ እንኳ ረስታው ሄዳ፣ ነርሷ «ይሄን አውልቂው» ስትላት ነው ትዝ ያላት። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሯ» ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእኔና ከግብር መሥሪያ ቤቱ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሁሉም «አንቺ» ነው የሚላት። ማዶ ያለው ባለሱቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት የሱቋ አከራይ፣ መጋረጃ የሚያሰፉት የትልልቅ ቤት እመቤቶች፣ የእመቤቶቹ ልጆች ሳይቀሩ። እሷ ግን አከራይዋንም እመቤቶቹንም «እርስዎ» ትላለች፤ በዕድሜ የሚያንሷትን ጭምር። አንድ ቀን ይህን አንስቼ «አይከነክንሽም?» ብላት፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል «ምኑ?» አለችኝ። የምሬን እንደጠየቅኋት እንኳ አልገባትም።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የምኖረው ከእሷ ጋር ነው። የምሠራው ደግሞ ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ስለሆነ የዚያን ወር ነገር ግማሹን በመስኮቱ መስተዋት አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ራት ላይ ነግራኛለች።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጥቁር መኪና መጥታ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወርደው ገቡና ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ከዚያ ቦርሳ የያዘው ሰውዬ ቀድሞ ወጥቶ የመኪናዋን የኋላ በር ከፈተ፤ አክስቴ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች ገብታ ተቀመጠች፤ መኪናዋ ይዛት ሄደች።

እውነቱ ቀላል ነው። አንድ ባንክ ከሰፈራችን ጫፍ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ አርባ መስኮት አለው፤ ለአርባው መስኮት መጋረጃ ይፈለጋል። አንዷ ደንበኛዋ ጠቁማቸው መጡ፤ መስኮቶቹን እንድትለካ ወሰዷት። በቃ ይኸው ነው።

ግን የመድኃኒት ቤታችን ገንዘብ ተቀባይ በመስተዋቱ ስታይ ቆይታ «እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የአንድ አዛውንት መድኃኒት አወሳሰድ እያስረዳሁ ነበር። ዞር ሳልል «ከባንክ ናቸው፤ ትልቅ ጉዳይ ነው» አልኳትና ወደ አዛውንቱ ተመለስኩ። አንድ ቃል ውሸት የለውም።

በማግስቱ አክስቴ ሳሙና ልትገዛ ማዶ ካለው ሱቅ ገባች። ባለሱቁ ሌላ ጊዜ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ሜትሯ፣ ምን ፈለግሽ?» የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ከወንበሩ ተነሣ።

«እንደምን አደሩ እትዬ? ምን ልስጥዎ?»

አክስቴ ከኋላዋ ማን እንደገባ ለማየት ዞረች። ማንም የለም። «ሳሙና» አለች።

«ቤት ድረስ ላድርስልዎ?»

አንዲት ሳሙና ነበረች።

ሐሙስ አከራይዋ ከሁለተኛ ፎቅ ራሳቸው ወርደው መጡ። መልእክት ሲኖራቸው ከበረንዳ ላይ «ሜትሯ» ብለው መጣራት ነበር ልማዳቸው። አሁን በሩ ላይ ቆመው እየሳቁ «ይግቡ ይሉኛል ወይስ ልመለስ?» አሉ። ገብተው ወንበር ላይ ያለውን ገበር ጨርቅ ራሳቸው አንስተው ተቀመጡ። ከዚያ ጣራውን ቀና ብለው አዩት። ከላይ ካለው መታጠቢያ ቤት የሚያንጠባጥበው ውሃ ጣራውን አቡክቶታል፤ አክስቴ ለሦስት ዓመት ለምናቸዋለች።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን እንዴት አይነግሩኝም?» አሉ በቅሬታ። ዓርብ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ።

ዓርብ ራት ላይ አክስቴ ምግቡን ወዲያና ወዲህ ስታደርግ ቆየችና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ያ የደም ምርመራ ውጤት። ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ምን ይላል?»

«ደህና ነሽ አላልኩሽም?»

«ለእኔ ደህና ነሽ ብለሽ ለሰፈሩ ሌላ ነግረሽ እንዳይሆን።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እንባዋ መጣ። «ሰው ሁሉ እያከበረኝ ነው» አለች። «አከራዬ ቧንቧ አሠሩልኝ። ባለሱቁ ይነሣልኛል። ሰው እንዲህ የሚሆነው ሊሞት ላለ ሰው ነው። ከሆነ ንገሪኝ፤ የጀመርኩትን ሥራ ልጨርስ።»

ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ መስመር በመስመር አነበብኩላት። ስኳር የለባትም። ደም ማነስ የለባትም። ኩላሊቷም ጉበቷም ደህና ነው።

«ታዲያ ምን አለኝ?» አለች።



ከሁሉ የባሰው ቅዳሜ መጣ። ከአክስቴ ሱቅ ቀጥሎ ያለው የልብስ ተኳሿ ነው። ሁለቱ ሃያ ዓመት ከአንድ ሳህን ምሳ በልተዋል፤ አንድ ቀን አክስቴ ታመጣለች፣ አንድ ቀን ተኳሿ። ቅዳሜ ተራው የአክስቴ ነበር። ሳህኑን ይዛ ስትገባ ተኳሿ ከሸሚዙ ቀና ሳትል «እኔ በልቻለሁ። እርስዎ ይብሉ» አለቻት።

አክስቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ተኳሿ አልሳቀችም። ካውያዋን እጅጌው ላይ መለስ ቀለስ አደረገች፤ እጅጌው ግን ቀድሞም ተተኩሶ ነበር። አክስቴ ሳህኑን እንደተከደነ ይዛ ወጣች። ማዶ ሆኜ ሳያት መንገዱ ላይ ትንሽ ቆማ ነበር፤ ወደየት እንደምትሄድ የጠፋት ሰው ትመስላለች።

ሰኞ ገንዘብ ተቀባይዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ለመሆኑ ለአክስትሽ የደረሳት ውርስ ነው ሎተሪ? ሰዉ ለሁለት ተከፍሏል።»

«ማን ነው ይሄን ያለው?»

«አንቺ ነሻ። ከባንክ ናቸው፣ ትልቅ ጉዳይ ነው አላልሽኝም?»

ምሳ ሰዓት እስኪደርስ መድኃኒት ስሰጥ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ደግነቱ ሁለቱንም ደንበኛው ሳይወጣ ደረስኩበት። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያፈተለከው ከእኔ አፍ መሆኑንም ጭምር። መቀሱ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። «እውነት ነው የተናገርሽው፤ ምን አጠፋሽ?» አለችኝ። ቀጥሎ ሳቋ ቆመ።

«ስለዚህ እርስዎ ያሉት ብሩን ነው።»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«የሌለውን ብር።»

«አዎ።»

«የሌለው ይህን ያህል ከተከበረ ያለው ምን ሊሆን ነው?» አለችና ጨርቁን አፈፍ አድርጋ መስፋት ቀጠለች። ጨርቁ በመርፌው ሥር ሲያልፍ አየሁት፤ ሽንሽኑን አጣማው ኖሮ መልሳ ተረተረችው።

ነገሩን ልታስተካክል ወጣች። መጀመሪያ ባለሱቁ ዘንድ ሄዳ «ስማኝ፣ እኔ ምንም ገንዘብ አልደረሰኝም። መጋረጃ ልሰፋ ነው» አለችው። እሱ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልክ ነዎት እትዬ። ማለት ያለብዎት እንደሱ ነው። ዘመኑ ክፉ ነው። ከእኔ አፍ አይወጣም።» አከራይዋን ስትነግራቸው ደግሞ ትከሻዋን ቸብ አድርገው «ጨዋ ሰው ነዎት፤ የቆየ ሀብት ያለው ሰው እንጂ እንዲህ አይደብቅም» አሏትና፣ ሱቁን ለባዕድ ከመሸጥ ለእሷ ቢሸጡላት እንደሚመርጡ አጫወቷት። «እስቲ ያስቡበት።» አክስቴ ለማሰብ የሚሆን ምንም በእጇ የላትም። ግን ሌላ የምትለው ስላጣች «አስብበታለሁ» ብላ መጣች።

ከዚያ በኋላ ማስተባበሉን ተወችው። ማስተባበሏ ወሬውን ማደለብ ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። እኔ ለራሴም ለመናገር ያስቸገረኝን ነገር ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው፤ አክስቴ መንገድ ስትሻገር ቀስ ማለት ጀምራለች። ባለሱቁ ሲነሣላት ዞራ አታይም።

አንድ ቀን የውሃ ክፍያ ልትፈጽም ሄዳ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ የሰፈራችን ሰው አይደለችም፤ ወሬው አልደረሳትም።

«አንቺ፣ ሰልፉን ያዢ፣ አለችኝ» አለች አክስቴ። «ልጄ ለመሆን የምትደርስ።»

«ድሮም እንደዚያ አይደል የሚሉሽ?»

«እኮ። ሃምሳ አራት ዓመት ያላመመኝ በሁለት ሳምንት ከየት መጣ?»

ሠራተኛዋን ልትቆጣ ያምራታል፤ ራሷን ልትቆጣም ያምራታል። ልጅቷ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ የተናገረችው የኖረችበትን ነው። «ደግሞ ቢሆንስ» ትላለች አክስቴ፣ «ለምንድነው የኖረችበት እንደዚያ የሆነው? እኔ አከራዬን እርስዎ ስል የኖርኩት ማን አስተምሮኝ ነው?» አንዳንዱን ጥያቄ የምታነሣው ለእኔ ነበር፤ አንዳንዱን ግን ለስፌት መኪናዋ።

ወሩ ሲያልቅ ሥራው አለቀ። ባንኩ ሲከፈት አርባው መስኮት በአክስቴ ግራጫ መጋረጃ ተሸፍኖ ነበር፤ ዘበኛው ለገባ ለወጣው ሁሉ «የሰፋችው የናንተዋ ሜትሯ ናት» ይላል። እኛ በወር ያላሳመንነውን ሰፈር ዘበኛው በአንድ ቀን ጠዋት አሳመነው።

አከራይዋ ደረጃ ላይ አገኟትና «እንደምን ዋሉ» ብለው ጀምረው፣ መሐል ላይ ቆም ብለው፣ «ዋልሽ?» ብለው ጨረሱት። የሱቁ ሽያጭ ወሬ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ውሃው ግን እስከ ዛሬ አያንጠባጥብም።

ባለሱቁ ወደ «አንቺ» አልተመለሰም። አሁንም ይነሣል፤ አሁንም «እትዬ፣ ምን ልስጥዎ?» ነው። አክስቴ ቢከብዳት ጊዜ ጠየቀችው። «ገንዘቡ እንደሌለ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ ትለኛለህ?»

ባለሱቁ ግራ ተጋባ። «እንዴ፣ ደግሞ ይመለሳል እንዴ?» አላት። «ሰውን ከፍ አድርጎ መልሶ ማውረድ አያሳፍርም?»

ቤት መጥታ ነገረችኝና «አሁን ይሄ አክብሮኝ ነው ወይስ አፍሮ?» አለች። ሁለታችንም ተከራክረንበት አልተግባባንም።

የቀረችው ተኳሿ ነበረች። አክስቴ አንድ ቀን ምሳዋን ይዛ ገባችና ገና ያልተተኮሰው ልብስ ክምር ላይ ቁጭ አለች። «አንቺ በይኝ» አለቻት።

ተኳሿ ካውያዋን አላቆመችም። «ያከበርኩዎት መሰለዎት? ተቀይሜዎት ነው።»

«በምን?»

«ሃያ ዓመት አብረን በልተናል። ወሬውን የሰማሁት ከባለሱቁ ነው።»

«ወሬው እኮ ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑንም የሰማሁት ከዘበኛው ነው።»

አክስቴ ባለሱቁ ዘንድ ሄዳለች፤ አከራይዋ ዘንድ ሄዳለች። ከግድግዳው ማዶ ላለችው ጓደኛዋ ግን አልነገረቻትም። ለምን እንዳልነገረቻት እስከ ዛሬ ብጠይቃት «እኔንጃ፤ ታውቃለች ብዬ ይሆናል» ነው የምትለኝ።

«እውነት ቢሆንስ ኖሮ» አለች ተኳሿ፣ «ይነግሩኝ ነበር?»

አክስቴ አዎ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን አልወጣላትም። ያን ወር ራሷን እንዴት እንዳገኘችው ታውቃለች፤ መንገድ ላይ ቀስ ማለቷን፣ የውሃ ክፍያውን መስኮት። «አላውቅም» አለች።

ተኳሿ ካውያዋን አቁማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ወደ ሳህኑ ጠቆመችና «ምን ይዘሻል?» አለች።

በሉ። ከዚያም ወዲህ በየተራ ያመጣሉ። ነገር ግን ተኳሿ አንዳንድ ቀን፣ በቀልድ ይሁን በምር በማይለይ ድምፅ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» ትላታለች፤ አክስቴም ያን ቀን ሙሉ ስፌቷ ላይ ትብሰለሰላለች።

በዓመቱ ባንኩ ሌሎች ሁለት ቅርንጫፎች ስለከፈተ አክስቴ ብቻዋን አልቻለችም። ልብስ ፋብሪካ ስትሠራ የኖረች፣ የእሷ እኩያ የሆነች ሴት ቀጠረች። ሴትዮዋ የመጀመሪያ ቀን ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «ምን ልበል? እርስዎ ነው አንቺ?» ብላ ጠየቀች።

አክስቴ ብዙ አሰበች። አንቺ በይኝ ብትል፣ አሠሪ ሆና ራሷን ያዋረደች እንዳይመስል። እርስዎ በይኝ ብትል ደግሞ፣ እንዴት አድርጎ ሰው ይህን ከራሱ አፍ ያወጣዋል? «እንደመጣልሽ» አለቻት በመጨረሻ።

ለሴትዮዋ ምንም አልመጣላትም። ይኸው ሦስተኛ ወሯ ነው፤ አንድም ቀን እርስዎ አላለችም፣ አንድም ቀን አንቺ አላለችም። ሱቋ ስገባ የምሰማው «ይቆረጥ?» «ገበሩ ይጨመር?» «መብራቱ ይብራ?» ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ ክር አልቆ ኖሮ «ይገዛ ወይስ ይቆይ?» ስትል ሰማኋት።

አክስቴ መርፌዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች «ይገዛ» አለች።