ከአቅኚው የዘር ቆጠራ የጎደለው አባት

ወንድሜ ለትምህርት ቤቱ የታሪክ ሽልማት የጀመረውን ጽሑፍ ሳያስረክብ በንዳድ ሞተ። ርእሱ፣ እስቴ ያለውን ሰበካችንን ያቀናው አባት ለልጅ ልጆቹ ምን ትቶ አለፈ የሚል ነበር። ክረምቱን ሙሉ በየሽማግሌው ቤት እየዞረ ዘር አስቆጠረ። በእኛ አገር ዘር የሚያስቆጥር ሰው ርስት ሊሟገት ነው ተብሎ ይጠረጠራል። «ተማሪው፣ የማንን እርሻ ተመኘህ?» ይሉት ነበር። እሱ ይስቃል።

አስተማሪው በእሱ ስም እኔ እንዳስረክብ ፈቀዱልኝ። ላስረክብ አንድ ቀን ሲቀረኝ የአባቴ አጎት መጡና የወንድሜን ደብተር አስነበቡኝ።

«አንድ አባት ጎድሏል» አሉ።

«አባባ፣ የነገሩት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«አጥቢያ ዳኛ ፊት ሊያቆመኝ መስሎኝ ዘለልኩበት። አሁን ምን እፈራለሁ? ጻፈው ልጄ።»

 በሕይወት ሳለ የዋሹትን፣ ከሞተ በኋላ እውነቱን ይነግሩታል? ወይስ በዚያ አባት በኩል ርስት ሊጠይቁ ነው? የትምህርት ቤት ወረቀት ችሎት ላይ ሊጠቅማቸው ይችላል። ወንድሜ ቢኖር ሌላ ሽማግሌ ጠይቆ ያመሳክር ነበር። እኔ ጊዜ አልነበረኝም። ስህተት ከተገኘበት ደግሞ ሽልማቱ ይቀርበታል።

የወንድሜን ጽሑፍ አልነካሁም። ከገጹ ግርጌ፣ በራሴ እጅ፣ የነገሩኝን ስም አስፍሬ፣ ይህን አባት ሽማግሌው የጨመሩት ጸሐፊው ከሞተ በኋላ ነው ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

«አንተስ ከእሱ ትብሳለህ!» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።