በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ኪታብ

ጥቅምት፤ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቆቦ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። የዋጃው ሚኒባስ ግን እስኪሞላ አንድ ሰዓት ገተረን። ቦርሳዬ ውስጥ ነጭ ጨርቅና የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ አሉ። የጥንት ጽሑፎች ሙዚየም ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አዛውንት ሸህ፣ አያታቸው በእጃቸው የጻፉትን የመንዙማ ኪታብ እንድወስድላቸው ለምነውኝ ነበር። ምስጥ በልቶት ነበር። "ያለቀለት ነው፤ ሙዚየም አይገባም" ብዬ መለስኳቸው። ፊልም ልቆጥብ ብዬ ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም። አሁን የተጎዳ መጽሐፍ የሚጠግን ባለሙያ ስላገኘን ልወስደው መሄዴ ነው። ደስ ብሎኛል።

2 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፤ ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ከማማ ላይ ይጮኻሉ። ሾፌሩ የምሄድበትን ጉዳይ ሲሰማ በመስታወት አየኝና፣ "አንቱ፣ በዚህ ሐሩር አሮጌ ወረቀት ፍለጋ?" ብሎ አሾፈብኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

4 ሰዓት፣ ከዋጃ ወረድ ብሎ

በእግሬ፣ አቧራ ለብሼ ሸሁ ቤት ደረስኩ። የሸሁ ልጅ ዘሀራ አወቀችኝ፤ እርጎ በቅል ሰጠችኝ።

"ሸህ የሉም?"

"አባባማ አምና ሞተ። አላህ ይዘንለት።"

ደነገጥኩ። እየፈራሁ ስለ ኪታቡ ጠየቅኳት።

"አንቱ ያለቀለት ነው ብለው የሄዱ ጊዜ አባባ ሦስት ቀን ሰው አላናገረም። ኋላ፣ 'የመጽሐፍ አዋቂ ከፈረደ ምን ይደረጋል' አለ። እኛ ዘንድ ያረጀ ኪታብ አይጣልም፤ እግር እንዳይረግጠው ይቀበራል። ጎረቤት ጠርቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አንብቦ ቀበረው።"

"ማውጣት ይቻል ይሆን?" አልኩ። ወዲያው አፈርኩ።

"ሁለት ክረምት ዘንቦበት? ደግሞስ የተቀበረ ይወጣል እንዴ?"

"በቃል የሚያውቀው ሰውስ?"

"አባባ ብቻ ነበር።"

ዓይኗ ቦርሳዬ ላይ አረፈ። ለኪታቡ ያመጣሁትን ጨርቅ አወጣሁላት። በጣቶቿ ዳበሰችው።

"እኛም እንዲህ ባለው ነው የጠቀለልነው" አለች፣ ቂም በሌለው ድምፅ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ።

10 ሰዓት፣ ቆቦ

አልጋ የያዝኩበት ሆቴል ተመልሼ ያኔ ኪታቡን ስመረምር የሞላሁትን የሙዚየም ቅጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። "የጉዳቱ መንስኤ" በሚለው ፊት ለፊት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በእጄ የጻፍኩት "ምስጥ" ይላል።

ሰርዤ ስሜን ጻፍኩበት።