ዘፋኝ የሌላት ሸክላ

አሁን አሁን ለድሮ ሸክላ፣ በተለይ ለጃዝ፣ ውጭ አገር ሰዎች በዶላር እንደሚጫረቱ የልጅ ልጆቼ ይነግሩኛል። እኔን አይገርመኝም። በደርግ ጊዜ ከሚሴ ላይ ለአንዲት ሸክላ እኔም ያለኝን ብር ሁሉ ይዤ ተጫርቻለሁ።

ያን ጊዜ አምስት ሸክላ ነበረኝ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ማጫወቻ የተወልኝ ሾፌሩ ወንድሜ ነው። አምስቱም ዘፈን ነበሩ። የምመኛት ስድስተኛዋ ግን አስፋልቱ ዳር ካለው ሆቴል ነበር የምትሰማው፤ ጥሩምባና ሳክስፎን ብቻ፣ ዘፋኝ የላትም። ወደ ወፍጮ ስሄድ ከተጀመረች እህሌን አውርጄ እስክታልቅ እቆማለሁ። ቀይ መሐሏ ሲሽከረከር በመስኮቱ አያለሁ።

ሆቴሉ ተዘጋና ቀበሌው ዕቃውን በሐራጅ ሊሸጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስለነበር ራሴ አነበብኩት። ወንበር፣ አልጋ፣ ሸክላ ይላል። ሸክላ የሚለውን ደግሜ አነበብኩትና ስድስት ብር ቋጥሬ ሄድኩ።

ስደርስ ግቢው በሴት ተሞልቷል። ወሬው ጨፋ ሮቢት ደርሶ ኖሮ፣ ገበሬ ሴቶች እንስራና ድስት በርካሽ የሚሸጥ መስሏቸው፣ እንዳይሰበር የሚጎዘጉዙትን ጭድ ሳይቀር በአህያ ጭነው መጥተዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ካርቶን ከፍቶ ጥቁሮቹን ክቦች ሲያወጣ ሁሉም ቀረብ ብለው አዩ።

"ይሄ የእንስራ ክዳን ነው?" አለች አንዷ።

"መሐሉ ተበስቶ? ለአይጥ መግቢያ ካልሆነ" አለች ሌላዋ።

ሊቀመንበሩ "ሸክላው በጅምላ ነው የሚሸጠው" ብሎ ከደሴ ወደመጣ አንድ ነጋዴ ዞረ። በጅምላ ከሆነ ስድስት ብሬ የትም አይደርስምና ወደ ፊት ወጣሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ማስታወቂያው ላይ በጅምላ የሚል የለም። አንብቤዋለሁ።"

"አንቺ ደግሞ ማንበብ ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እናንተ ካስተማራችሁኝ ወዲህ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ጭድ ጭነው በከንቱ በመምጣታቸው ተናደው ነበርና "አንድ በአንድ ይሸጥ" እያሉ ከበቡት። ተሸነፈ።

ቀይዋ ወጣች። "ይቺ እንኳ የዘፋኝ ስም አልተጻፈባትም፤ ብልሽት ሳትሆን አትቀርም። በሁለት ብር የሚወስዳት አለ?" አለ።

ዝም ብል በሁለት ብር የእኔ ነበረች። ግን ሌላው ምን እንደሆነች ሳያውቅ እኔ ብቻ አውቄ መግዛቱ ስርቆት መሰለኝ። "ሳትሰማ አትሸጥም" ብዬ እየሮጥኩ ከቤቴ ማጫወቻዬን አመጣሁ።

ጥሩምባው ተነሣ። ከጎኔ የቆመች የጨፋ ሮቢት ሴት፣ በዕድሜ ታላቄ፣ ክንዴን ያዘችኝ።

"ማል ጄዳ? ምን ይላል?"

"ምንም አይልም፣ እትዬ።"

"ወላሂ፣ ይላል እንጂ። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ከብት ቀርቶበት የሚጣራ ሰው ነው" አለችና እጇን አነሣች። "ሦስት ብር።"

አራት አልኩ። አምስት አለች። ስድስት አልኩ፤ ከዚያ በላይ የለኝም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ቆጠረችና "ሰባት" አለች።

"እትዬ፣ ማጫወቻ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊያት?"

"አንቺ አለሽ አይደል?"

ሊቀመንበሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። "ጓዲት፣ አንድ በአንድ ያልሽው አንቺ፣ ትሰማ ያልሽውም አንቺ።"

አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተባለና ሸክላዋ ሄደች። ሴትዮዋም ለእንስራ ባመጣችው ጭድ ውስጥ ቀበረቻት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቤቴን ጠይቃ መጥታ በሬን አንኳኳች። ሸክላዋ በእጇ፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ደግሞ በጉያዋ። ማጫወቻው የእኔ ስለሆነ ድንጋዩ የእሷ መሆን አለበት አለች፤ እኔም ተስማማሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን የሸክላዋን ሁለቱንም ፊት ሰማን። ከዚያ ወዲህ አንድም ገበያ አልቀረችም።

"ሸክላዋ እዚሁ ትደር፣ መንገድ ላይ ትሰበርብሻለች" ብዬ ለመንኳት።

"ከተሰበረችም በእኔ እጅ ትሰበር" አለች።

አኮረፍኩ። ግን ልክ ነበረች፤ ሰባት ብር ያለችው እሷ ናት። በር ድረስ ሸኝቻት፣ አህያዋ ከዓይኔ ሳትርቅ፣ እስከሚመጣው ገበያ ስንት ቀን እንደቀረ በጣቴ መቁጠር እጀምር ነበር።